ማሲንቆው አንኮበር፣ ከበሮው ደብረ ብርሃን፦ በኢንተርኔት አብሮ መጫወት እንዴት ይሠራል?

በቪዲዮ ስልክ የልጅ ልደት አክብሮ የሚያውቅ ቤተሰብ ሁሉ ይህ ደርሶበታል። ልጁ ዳቦው ፊት ቆሟል፤ አያት ከጎረቤላ፣ አጎት ከደብረ ብርሃን፣ አክስት ከዋሽንግተን ስልኩ ላይ ተሰብስበዋል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ተብሎ ዘፈኑ ይጀመራል። ገና ግማሹ ሳይደርስ ይበታተናል። አክስት ወደ ኋላ ትጎተታለች፣ አጎት እሷን ሲጠብቅ ከሌላው ይለያል፣ የአያት እልልታ ጭራሽ አይሰማም። «ኔትወርኩ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እነዚሁ ሰዎች ግን ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያው መስመር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለ ችግር ሲያወሩ ነበር። ወሬ ያሳለፈ መስመር ዘፈን ሲሆን ለምን ያቅተዋል?

ወሬ ተራ አለው። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ መልሱ ሩብ ሰከንድ ቢዘገይ «እያሰበ ነው» እንላለን እንጂ ልብ አንለውም። ጭብጨባ ግን ተራ አይጠብቅም። አሥር ሰው ሲያጨበጭብ አሥሩም እጅ በአንድ ቅጽበት መግጠም አለበት። እዚህ ላይ ሩብ ሰከንድ ብዙ ነው፤ ሙዚቃ የሚለካው በሰከንድ አንድ ሺኛ፣ በሚሊ ሰከንድ ነው።

መዘግየትን ኢንተርኔት አላመጣውም። አንኮበር ላይ ከገደል ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ሲታይ ምሳሩ ቀድሞ ያርፋል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደጋው ብርድ ከዚያም ትንሽ ይቀንሳል። ሰውየው 340 ሜትር ርቆ ከሆነ የምንሰማው ከአንድ ሰከንድ በፊት ያረፈውን ምሳር ነው። ወደ ቤት ስናስጠጋው፣ ድምፅ አንዷን ሜትር ለመሻገር 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል።

የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ ካሠሯቸው አድባራት በአንዱ ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ሳያውቀው ኖሮበታል። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይመታል፣ ከበሮው መሃል ነው። በሁለቱ ረድፎች መካከል ሦስት ሜትር ቢኖር፣ የግራው ወገን የቀኙን ድምፅ የሚሰማው 9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ማንም አይታወቀውም። ጆሮና እጅ ከልጅነት ጀምረው ለምደውታል፤ ወረቡ ሲሞቅም ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳል።

ታዲያ እስከ ስንት ድረስ ነው የሚቻለው? በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ቼፍ የተባለው የሙዚቃ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በጭብጨባ ፈትሾታል። ሁለት ሰዎች በተለያየ ክፍል ሆነው፣ ሳይተያዩ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ እየተደማመጡ እንዲያጨበጭቡ ይደረጋል፤ በመሃላቸው የሚገባው መዘግየት በየጊዜው ይቀያየራል። ውጤቱ የሚገርም ነበር። መዘግየቱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ሲሆን ሰዎቹ ሳያስቡት እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ምቱ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ አንድ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ያህል ነው። ከዚያ በላይ እየዘገዩ ይመጣሉ፤ ከ60 ሲያልፍ ደግሞ ይፈርሳል። ጥቂት መዘግየት ለሰው ልጅ ተስማሚው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከአንድ ጎጆ ስፋት የማይበልጥ ርቀት ማለት ነው።

የሚፈርስበትን ምክንያት በቁጥር እንየው። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት አለው እንበል፤ በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል 500 ሚሊ ሰከንድ አለ። እኔ አጨበጨብሁ፤ ጓደኛዬ 50 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ ሰማኝና በሰማው ላይ አጨበጨበ። የእሱ ጭብጨባ እኔ ጋ ሲደርስ ሌላ 50 ተጨምሮበታል። «ዘገየብኝ፣ ልጠብቀው» እላለሁ። እሱም እንደዚያው ይጠብቀኛል። እያንዳንዱ ምት 50 ብቻ ቢረዝም 120 የነበረው ወደ 109 ይወርዳል፤ ዙሩ በቀጠለ ቁጥር ደግሞ እየባሰ ይሄዳል። ሁለቱም ጥሩ ተጫዋቾች ናቸው፤ ጥፋታቸው እርስ በርስ መደማመጣቸው ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት አብሮ ሲጫወት የሚጎተተው ሰው ሁልጊዜ ሰነፉ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የሚያዳምጠው ነው።

የእኛ ሙዚቃ ደግሞ በዚህ ረገድ ቀላል አይደለም። ችክችካ የሚባለው ስልት እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል። በ120 ፍጥነት ከሦስቱ አንዷ 167 ሚሊ ሰከንድ ናት። የተለመደ የቪዲዮ ጥሪ መዘግየት እዚያው አካባቢ ነው። ከበሮው በዚያ ልክ ቢዘገይ ጆሮ «ዘግይቷል» አይለውም፤ ምቱ ሌላ ቦታ የወደቀ፣ ሌላ ስልት የሆነ ይመስለዋል። እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻው ግራ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው እምቢልታ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም፤ ከአንዱ የሚወጡት ድምፆች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ብቻውን ዜማ አይሠራም። ሦስት ነፊዎች ተራ በተራ፣ አንዱ የተወውን ሌላው እያነሣ፣ ከሦስት አፍ አንድ ዜማ ያወጣሉ። እምቢልታና መለከት የነገሥታት አጀብ ነበሩ። በእምቢልታ አንዱ ነፊ 50 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ዜማው ላይ ክፍተት ይታያል፤ የሚሸፍንለት ሌላ መሣሪያ የለም። ማንም በኢንተርኔት አብሮ መጫወት ቻልሁ የሚል ካለ በእምቢልታ ይፈተን እላለሁ።

አሁን የማሲንቆውን ድምፅ ከአንኮበር ተከትለነው እንሂድ። ከፈረስ ጭራ የተገመደው አንዱ ጅማት በደጋኑ ይታሻል፤ ደጋኑ ዕጣን ተቀብቷል፣ ቆዳ የለበሰው ገበታ ይንቀጠቀጣል፣ አየሩ ማይኩን ይመታል። ኮምፒዩተሩ ያንን እንቅስቃሴ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ አይላኩም፤ ለምሳሌ 128 ሲሞላ አንድ ጥቅል ይሆናል። 128 ለመሙላት 2.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህ የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ወዲያ ማዶም ጥቅሉ ተፈትቶ ወደ ድምፅ ሲመለስ እንዲሁ ይጠበቃል። በጥሩ ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ ሁለቱ ተደምረው 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናሉ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ግን ድምፅ ለማስገባትና ለማስወጣት ብቻ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ይወስዳሉ።

ከዚያ መንገዱ ይጀምራል። ጥቅሎቹ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወደ አንኮበር ገበያ እንደሚወጡ አህዮች ናቸው፤ ተራ ይዘው ይነሣሉ፣ ተራ ይዘው ግን አይደርሱም። አንዷ መንገድ ላይ ትቆማለች፣ ሌላዋ ትቀድማለች፣ አንዳንዷ ጭራሽ ትጠፋለች። ገበያ ላይ ያለው ነጋዴ እህሉን ሳያቋርጥ መስፈር ከፈለገ ጥቂት አህዮች እስኪደርሱለት መጠበቅ አለበት። ብዙ ከጠበቀ መስፈሩ አይቋረጥም፣ ግን ይረፍድበታል። ካልጠበቀ ደግሞ ቶሎ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ግን ቁናው ባዶ ይቀራል፤ ያ ባዶ በጆሮ ሲሰማ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው መቆራረጥ ነው። የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያዎች ብዙ መጠበቅን መርጠዋል። ለሙዚቃ የተሠሩት ጥቂት ጠብቀው ትንሽ መቆራረጥን ይታገሣሉ። ልዩነታቸው በዋናነት ይኸው ነው።

ስለዚህ «ስንት ሜጋቢት አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ አይጠቅምም። ድምፁ ተጨምቆ ሲላክ ለአንድ ማሲንቆ በሰከንድ ግማሽ ሜጋቢት ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥቅሉ በእኩል ልዩነት መድረሱ ነው። ዋይፋይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ፊልም ሲያወርድ ፈጣን የሆነው ዋይፋይ ጥቅሎቹን አንዴ አጉሮ አንዴ ለቅቆ ይልካቸዋል። በኬብል መገናኘት ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው ችግር ከመዘግየት ጋር አይገናኝም፤ ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጎዳበታል። የጥሪ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለንግግር ነው። የሰው ንግግር ያልመሰላቸውን ድምፅ ጫጫታ ነው ብለው ያጠፋሉ። ማሲንቆ አንዱን ድምፅ ረዘም አድርጎ ሲስብ የአየር ማራገቢያ መስሏቸው ይቆርጡታል፤ የከበሮው ምት የበር መዘጋት መስሏቸው ያፍኑታል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲዘፍን ደግሞ ገደል ማሚቶ እንዳይመጣ ብለው የአንዱን ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ። የአያትን እልልታ የዋጠው ይህ ነው። በዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባለውን ማብራት ይህን ያቃልላል። ማሲንቆ በስልክ የሚያስተምር ሰው ካለ ከምንም በፊት ይህን ያብራ። መዘግየቱ ግን እንዳለ ይቆያል።

አሁን ርቀቱን እንቁጠር። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 200 ኪሎ ሜትር በአንድ ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳታው መጀመሪያ አዲስ አበባ ወርዶ ወደ ደብረ ብርሃን ቢመለስ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ሚሊ ሰከንድ ተኩል። ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሰዎች ግማሽ ሜትር ተራርቀው እንደ መቀመጥ ነው። መንገዱ ምንም አያስከፍልም።

የሚያስከፍለው ቤት ውስጥ ያለው ነው። ብሉቱዝ ማዳመጫ ብቻውን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ይጨምራል። የ4ጂ መስመር ከስልክ እስከ ማማ ድረስ ሃያም ሠላሳም ይወስዳል፤ ሰው ሲበዛበት ደግሞ ይዘላል። እነዚህ ሲደማመሩ 180 ቢደርሱ፣ ከበሮ መቺው ከማሲንቆው 60 ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በአንጻሩ ባለ ሽቦ ማዳመጫ፣ በኬብል የተገናኘ ላፕቶፕና የፋይበር መስመር ቢኖር ጠቅላላው ወደ 20 ሊወርድ ይችላል፤ ያ ሰባት ሜትር ነው፣ የአንድ አዳራሽ ወርድ። አንኮበርና ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ በእውነት አብረው መጫወት ይችላሉ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ጃሙለስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጀርመናዊው ፎልከር ፊሸር ጀምሮታል፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ መሃል ላይ ወዳለ አንድ ሰርቨር ይልካሉ፣ ሰርቨሩ ቀላቅሎ ይመልስላቸዋል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ የአንኮበሩ ማሲንቆ ደብረ ብርሃን ለመድረስ መጀመሪያ ጀርመን ሄዶ ይመለሳል። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሄዶ መልስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ ያልቃል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ እንደ ሶኖባስ ያለ፣ አንዱን ከሌላው በቀጥታ የሚያገናኝ ፕሮግራም ይሻላል። እሱም ነፃ ነው፣ በስልክም ይሠራል። ቼፍና ባልደረባው ሁዋን ፓብሎ ካሴሬስ በስታንፎርድ የሠሩት ጃክትሪፕም በቀጥታ ያገናኛል። ሰው ሲበዛና ሰርቨር የግድ ሲሆን ሰርቨሩ አዲስ አበባ ይሁን።

ዋሽንግተን ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ ቢሮጥ ለአንድ ጉዞ 57 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፣ ወደብ የሌላት አገራችን በጎረቤቶቿ በኩል ወደ ባሕር ትወጣለች፣ ከዚያ ባሕሩን ዞሮ ውቅያኖስ ያቋርጣል። በተግባር ለአንድ ጉዞ ብዙ ጊዜ 100 ይደርሳል። ይህን የትኛውም ኩባንያ አያስተካክለውም። ምድሪቱ ትልቅ ናት፣ ብርሃንም ከዚህ በላይ አይፈጥንም።

ያ ማለት ግን መንገድ የለም ማለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባው የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ቀረ። ባንዱ ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የከበሮ ማሽን አስጀመረ፣ በላዩ ኪቦርድ ተጫወተ፣ በዚያ ላይ አኮርዲዮኑን ጨመረበት፤ አንዱን እየሰማ ሌላውን እየደረበ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት አወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ያኔ አንድ ሰው በራሱ ላይ የደረበውን ዛሬ ሦስት ሰዎች በሦስት አገር ይደርቡታል፤ ከበሮ መቺው ቀድሞ ቀድቶ ይልካል፣ ማሲንቆው በዚያ ላይ ይጨምራል፣ ዘፋኟ በመጨረሻ ድምፅዋን ታስገባለች። ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ ሰዎች በስክሪኑ ላይ በየሳጥኑ ሆነው አብረው ሲዘምሩ ያየናቸው ቪዲዮዎች በአብዛኛው የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የአሜሪካዊው ኤሪክ ዊታከር የ2010 (እ.ኤ.አ.) ዝነኛ የመዘምራን ሥራም፣ ከ12 አገሮች 185 ድምፅ ያሰባሰበው፣ እያንዳንዱ ለብቻው የቀዳው ነው። በአንድ ቅጽበት የተዘመረ የመሰለው ሰው ብዙ ነው።

ይህ መንገድ መስመር ቢቋረጥም አይሞትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር እናስታውሳለን፤ ሆኖም ፍላሽ በሰው እጅም ይደርሳል፣ የተቀዳ ምት አይበላሽም። የሚጎድለው መተያየቱ ነው፤ ማሲንቆው ሲሞቅ ከበሮው አብሮት አይሞቅም፣ ምክንያቱም ከበሮው ትናንት ተቀድቷል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እኔ ለእኛ ሙዚቃ በጣም የሚስማማ የሚመስለኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኒንጃም መዘግየቱን ለማሳጠር አይታገልም፣ ይልቁንም ያስረዝመዋል። በ120 ፍጥነት 8 ምት ያለው ዙር 4 ሰከንድ ነው፤ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ተጫዋች አንድ ሙሉ ዙር ቀድቶ ለሌሎቹ በሚቀጥለው ዙር ያሰማቸዋል። ሁሉም የሚጫወተው ጓደኛው ባለፈው ዙር ከተጫወተው ጋር ነው፣ ምቱ ግን ፍንክች አይልም። የአውሮፓ ክላሲክ ሙዚቃ ለዚህ አይመችም፣ ቅንብሩ በየጊዜው ይቀየራል። የእኛ ጭፈራ ግን የሚዞር ነው፤ ያው ስልት በትዝታም በባቲም ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል፣ የሚቀየረው ግጥሙና ጌጡ ነው። አዝማሪው አንድ ዙር ሲያወጣ ተቀባዩ በሚቀጥለው ይቀበላል። አክስት ከዋሽንግተን ተቀባይ ብትሆን ማንም አያውቅባትም። ቀረርቶና በገናም ምት የሚጠብቅ ከበሮ ስለሌላቸው መዘግየትን በደንብ ይችሉታል።

የራሳችሁን መስመር ለመለካት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ከጓደኛችሁ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እየተቀባበላችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ፤ እናንተ «አንድ»፣ እሱ «ሁለት»፣ በቻላችሁት ፍጥነት። ሰዓት ያዙ። ከዚያ ያንኑ በመስመሩ ላይ ድገሙት፤ ሰዓቱን የሚይዘው «አንድ» ያለው ሰው ይሁን። የሁለቱን ልዩነት ለሃያ ስታካፍሉት የአንድ ጉዞ መዘግየት ይወጣል። ፊት ለፊት 10 ሰከንድ ፈጅቶ በመስመሩ 14 ከሆነ፣ 4 ሰከንድ ለሃያ ሲካፈል 200 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በዚህ ላይ ችክችካ አይሞከርም። ብሉቱዙን አውጥታችሁ ባለ ሽቦ ማዳመጫ አድርጉና እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ወዲያው ሲወርድ ታዩታላችሁ።

አንኮበርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ክራር በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ መማር የሚፈልጉ ተማሪዎች ሞልተዋል። በመካከላቸው ያለው አንድ ሚሊ ሰከንድ ተኩል ነው። ጎረቤታችሁ ማሲንቆ የሚጫወት አባት ካሉ፣ ልጆች፣ ላፕቶፑንና ባለ ሽቦውን ማዳመጫ ይዛችሁላቸው ሂዱ፤ መስመሩን እናንተ አዘጋጁላቸው፣ ምቱን እሳቸው ያውቁበታል።